የአባታችንን ቤት ሙዚየም ማድረግ እንችላለን? ከደሴ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

የላኩት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አባትዎ በደሴ ለብዙ ዓመታት ሥዕል ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ብሩሽ ከእጃቸው ያልተለየ ሠዓሊ ነበሩ። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለው የቤተሰቡ ቤት 240 ያህል ሥዕሎች፣ በካርቶን የታጨቁ ንድፎችና ወረቀቶች፣ እንዲሁም የትኛውን ሥዕል ለማን እንደሰጡና ለማን እንደሸጡ የጻፉበትን አንድ ደብተር ትተዋል። ከአራቱ ልጆች ሦስታችሁ ቤቱ በአባታችሁ ስም ሙዚየም እንዲሆን ትፈልጋላችሁ፤ ታናሽ ወንድምዎ ግን ድርሻውን ሸጦ መገላገል ይሻል። በዚህ ላይ ኮምቦልቻ ውስጥ ሆቴል የሚያሠሩ አንድ ባለሀብት ሠላሳውን ሥዕል በእንግዳ መቀበያቸውና በየፎቁ ኮሪደር ሰቅለው «የሙዚየሙ መነሻ» ሊያደርጉላችሁ ቃል ገብተዋል። የጠየቁኝ ሦስት ነገር ነው፦ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ የያዘ ሙዚየም ይሆናል ወይ? ከደሴና ከኮምቦልቻ የቱ ይሻላል? ከምንስ እንጀምር?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነው። የዴንማርኩ ቀራፂ የቶርቫልሰን ሙዚየም በኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ1848 የተከፈተ ሲሆን ቀራፂው ራሱ የተቀበረውም በዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በፓሪስ ሠዓሊው ጉስታቭ ሞሮ የኖረበትን ቤት ከነሥራዎቹ ለመንግሥት ተናዝዞ ካረፈ በኋላ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1903 ለሕዝብ ተከፍቷል። በአገራችንም አንኮበር የተወለዱት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ፣ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል የሠሩት ማለቴ ነው፣ አዲስ አበባ ያለውን ቪላ አልፋን መኖሪያም፣ ስቱዲዮም፣ ማሳያም አድርገው አቁመውታል። በፍየል ቆዳ ላይ በሣሏቸው ሥዕሎች የታወቁት ሠዓሊ ለማ ጉያም ቢሾፍቱ ላይ የራሳቸውን ማሳያ ከፍተው እንግዳ ሲቀበሉ ኖረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ከእነዚህ ይለያል፤ ስሙ የአንድ ሠዓሊ ቢሆንም የሌሎችንም ሥራ ያሳያል።

ሞሮ፣ አፈወርቅና ለማ ጉያ ቤታቸውን ያሰናዱት በሕይወት ሳሉ ነው፤ የቱ ሥዕል የት እንደሚሰቀል፣ የቱ እንደማይሸጥ የወሰነው የሠዓሊው የራሱ አፍ ነበር። የእናንተ ጉዳይ ግን በወራሾች እጅ የወደቀ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም ይኸኛው ነው። ስለዚህ ለእናንተ የሚቀርበው ምሳሌ፣ ዝናው እንዳያስደነግጣችሁ እንጂ፣ የሆላንዳዊው ሠዓሊ የቫን ጎግ ቤተሰብ ነው። ቪንሰንት ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1890 ሲሞት ሥዕሎቹ ለወንድሙ ለቴዎ ቀሩ፤ ቴዎም በስድስት ወር ተከተለው። የቴዎ ሚስት ዮሐና ቦንገር የአንድ ዓመት ሕፃን ታቅፋ፣ ያኔ ገዢው ጥቂት የነበረ ብዙ መቶ ሥዕልና ንድፍ ይዛ ቀረች። እርሷ ያደረገችውን ልብ ይበሉ። ሥዕሎቹን ለዐውደ ርዕይ እያዋሰች አስመለሰች፤ የሁለቱን ወንድማማቾች ደብዳቤዎች አሰናድታ እ.ኤ.አ. በ1914 አሳተመች፤ መርጣም ሸጠች፤ ለንደን ያለው ብሔራዊ ጋለሪ ከሱፍ አበባ ሥዕሎቹ አንዱን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1924 ከእርሷ ነው። ልጇ ደግሞ በእጁ የቀረውን ሳይበትን ጠብቆ እ.ኤ.አ. በ1960 በተቋቋመ የቤተሰብ ፋውንዴሽን ስም አደረገው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከሆላንድ መንግሥት ጋር ውል ታሰረ፤ የአምስተርዳሙ ሙዚየም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከሠዓሊው ሞት እስከ ሙዚየሙ መከፈት 83 ዓመት ሄዷል ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሕንፃው አልነበረም፤ ስብስቡና ወረቀቶቹ ግን ነበሩ።

እኔም ለእናንተ የምለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ሙዚየም» የሚለውን ቃል ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉትና ስብስቡን ከመበተን አድኑ። ቀድሞ ለሙዚየም እንጠቀምበት የነበረው «ቤተ መዘክር» የሚለው ስያሜ ነገሩን በሚገባ ይገልጸዋል፤ ቤቱን ቤተ መዘክር የሚያሰኘው በውስጡ ያለው መዘክር እንጂ በሩ ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ አይደለም።

አሁን ወደ ወንድምዎ ጉዳይ ልምጣ። አባትዎ ኑዛዜ ካልተዉ ልጆቹ እኩል ወራሾች ናችሁ፤ ስለዚህ ድርሻውን መጠየቁ መብቱ ነው፤ በዚህ ባይቀየሙት እመክራለሁ። እናታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ከጋራ ንብረቱ የእርሳቸው ድርሻ ከውርሱ በፊት ተለይቶ መውጣት አለበት። የምፈራው «240ው ለአራት ሲካፈል ስልሳ ስልሳ ይደርሰናል» የሚለውን ሒሳብ ነው። ከላኩልኝ ፎቶዎች ውስጥ ሰኞ ገበያን ከአንድ መስኮት ቁልቁል እያዩ የሣሏቸው ሰባት ሥዕሎች አሉ። በአንዱ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የገበያተኛው ጃንጥላ ብቻ ይታያል፤ በሌላው በአጨዳ ወር ፀሐይ የጤፍ ጆንያዎቹ ጥላ እስከ መንገዱ ማዶ ተዘርግቷል። ሰባቱ አንድ ላይ ሲቆሙ የአንድ ከተማ ዓመት ናቸው፤ ሁለቱ ለአንዱ፣ ሦስቱ ለሌላው ሲደርሱ ግን የሳሎን ጌጥ ይሆናሉ። ስለዚህ ክፍፍሉ በቁጥር ሳይሆን ከምዝገባ በኋላ፣ ተከታታይ ሥራዎች እንዳይነጣጠሉ በጽሑፍ ተስማምታችሁ ይሁን። አባትዎ ደጋግመው ከሠሯቸውና ስብስቡን ከማያጎድሉት መካከል ለወንድምዎ ተመርጦለት ቢሸጥ ክፋት የለውም፤ ዮሐናም ሸጣለች። በአሜሪካ ዴንቨር የሚገኘው የክሊፎርድ ስቲል ሙዚየም እንኳ፣ ሠዓሊው ሥራዎቹ እንዳይበተኑ በኑዛዜው አጥብቆ አስሮ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመከፈቱ በፊት አራት ሥዕሎች በጨረታ ተሸጠው ገንዘቡ ለሙዚየሙ ማስተዳደሪያ ውሏል።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው አንድ የሕግ ነጥብ አለ። ሥዕሉ እንደ ዕቃ የአንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሥዕሉን የማባዛት፣ በፖስትካርድና በቀን መቁጠሪያ የማተም መብት ግን ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት ይህ የኢኮኖሚ መብት በሠዓሊው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል፤ አሁን የእናንተ የወራሾቹ ነው ማለት ነው። ወንድምዎ ድርሻውን ቢሸጥ እንኳ ገዢው ሥዕሉን እንጂ የማተም መብቱን አብሮ አይወስድም፤ በውል ካልሰጣችሁት በስተቀር። የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት ካወጣችሁ በኋላ ስብስቡን በግለሰብ ስም ከማቆየት ይልቅ በድርጅት ስም ማድረጉ ይሻላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በቦርድ የሚመራ ድርጅትም ሆነ የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት፣ ማለትም ለበጎ ዓላማ ለዘለቄታው የተሰጠ ንብረት የሚያስተዳድር ድርጅት፣ ለማቋቋም ይፈቅዳል። የሕግ ባለሙያ የትኛው ለእናንተ እንደሚስማማ ይንገራችሁ፤ እኔ በሙያዬ የማሳስበው ቦርዱ በቤተሰብ አባላት ብቻ እንዳይሞላ ነው። የከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም በምርቃት ዕለት ከሚጠራ ይልቅ ገና ከጅምሩ ነገሩን ቢያውቅ ይበጃል።

ከምን እንጀምር ላላችሁት፣ ከመዝገቡ ጀምሩ። ኮምፒዩተር ባይኖርም ጥቁር ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቅ መዝገብ ይበቃል። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ቁጥር ይኑረው፤ ቁጥሩ በእርሳስ በእንጨቱ ፍሬም ጀርባ ይጻፍ እንጂ በማርከር በሸራው ላይ አይጻፍ፤ የማርከር ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ሊሰርግ ይችላል። ቁመትና ወርዱ በሴንቲ ሜትር ይለካ፤ በምን ላይ በምን ቀለም እንደተሠራ፣ የት እንደተቀደደ ወይም እንደተሰነጠቀ ይጻፍ። ፊቱም ጀርባውም ፎቶ ይነሣ። ዓመተ ምሕረቱን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። አባትዎ አንዳንዱን ሥዕል «77» ብለው ፈርመዋል፤ ይህ 1977 ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. 1977? በመካከሉ ሰባት ስምንት ዓመት አለ፤ በወሎ ምድር ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቁጥር ብቻ አይደለም። በሥዕሉ ላይ ያለውን እንዳለ ቅዱ፤ ግምታችሁን በሌላ ዓምድ፣ ግምት መሆኑን ገልጻችሁ ጻፉ።

ጀርባውን ፎቶ አንሡ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከላኩልኝ ውስጥ ቁመቱ አንድ ሜትር የሚሆን፣ ውሃ የምትቀዳ ሴት ያለችበት የዘይት ቀለም ሥዕል አለ። ጀርባውን ገልብጠው ሲያሳዩኝ የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ጆንያ እንደሆነ አየሁ፤ የላቲን ፊደሎቹ ደብዝዘውም ቢሆን ይነበባሉ፤ ስፌቱም በሴትየዋ ትከሻ ትክክል ያልፋል። ያ ጆንያ ሥዕሉ መቼና በምን ዘመን እንደተሠራ ከፊርማው ይልቅ ይናገራል። ፍሬም ሠሪው «ጀርባው አስቀያሚ ነው፣ አዲስ አቡጀዲ በኮላ ልለጥፍበት» ያላችሁን በፍጹም እንዳትቀበሉት። ኮላው ሲደርቅ ጨርቁን ይስበዋል፤ ቀለሙም ይሰነጠቃል፤ ከሁሉም በላይ ግን ያን ጽሑፍ እስከ ወዲያኛው ይቀብረዋል።

መዝገቡ ከነፎቶው ቢያንስ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ እቤት፣ አንዱ ኮምቦልቻ ባለችው እህትዎ ዘንድ፣ አንዱ ውጭ አገር ባለው ወንድምዎ እጅ ይቀመጥ። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ሰው ደሴ ላይ አይገኝም። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት መዘረፉን ሁላችንም እናውቃለን። የተሰረቀ ነገር ሲገኝ «የእኔ ነው» ማለት የሚችለው ፎቶና ልክ ያለው ብቻ ነው። በኦስሎ ካለው የኖርዌዩ ሠዓሊ የሙንክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2004 የታጠቁ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ የነጠቋቸው ሁለት ሥዕሎች ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ጉዳታቸው የተመረመረው ከቀድሞ መዝገባቸው ጋር እየተነጻጸረ ነው።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልበል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ጉምና እርጥበት የበዛበት ከተማ ናት። አየሩ የያዘው አንጻራዊ እርጥበት ለረጅም ጊዜ ከ65 በመቶ በላይ ሲሆን ሻጋታ ይነሣል። እናንተ ሥዕሎቹን አልጋ ሥር፣ ከግድግዳ አስጠግታችሁ፣ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጣችኋል። ፕላስቲኩ ዝናብ ያስቀራል፤ ነገር ግን የውስጡን እርጥበትም አፍኖ ይይዛል። ፕላስቲኩን ግለጡ፤ በታጠበና በደረቀ ነጭ አቡጀዲ ሸፍኑ፤ ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ፣ ከውጭው ግድግዳ አርቃችሁ፣ በመካከላቸው አየር እንዲያልፍ አቁሟቸው። የቆርቆሮው ጣራ ኮርኒስ ከሌለው ቀን ይግላል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ያንጠባጥባል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለቀለም ቅብና ለሰሌዳ ሳይሆን ለጣራውና ለኮርኒሱ ይዋል። ወረቀቶቹን ከካርቶኑ አውጡ፤ ተራ ካርቶን አሲድ ስላለው ወረቀቱን ያነድደዋል፤ እንደ ሻይ ቡኒ አድርጎ ያሰባብረዋል ማለቴ ነው። ዕጣንና ከሰል በሚጨስበት ክፍል አንዳች ሥዕል አይኑር፤ ቡናው በሌላው ክፍል ይፈላ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ተቋም ለእንግዳ አቀባበል ሲዘጋጅ፣ መስታወት ያልገባለትን በፖስተር ቀለም የተሣለ የአንድ አዛውንት ምስል የጽዳት ሠራተኛዋ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው። የፖስተር ቀለም በውሃ ይሟሟል። እኔ ስደርስ አዛውንቱ ጥምጣምና ጋቢ ቀርቷቸው ፊት አልነበራቸውም። ጥፋቱን በእርሷ ላይ ጣሉት፤ ምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገራትም ነበር። እቤታችሁ የሚያጸዳ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይነገረው፤ አቧራውን ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል።

የሆቴሉ ነገርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ባለሀብቱ በቅን ልቦና እንዳሰቡት አልጠራጠርም፤ ሠላሳ ኦርጅናል ሥዕል ግን አልሰጥም። የእንግዳ መቀበያ ቀኑን ሙሉ በመስታወት የሚገባ ፀሐይ አለበት፤ በኮሪደሩ ሻንጣ ይጋጫል፤ የወጥ ቤት ቅባትም በአየሩ ይመጣል። በወረቀት ላይ ለተሠራ ሥዕል የሚመከረው ብርሃን 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ቀለም ደግሞ እስከ 200 ሉክስ ሲሆን በመስኮት ሥር የሚያርፈው የቀን ብርሃን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በብርሃን የደበዘዘ ቀለም ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ሌላ ሐሳብ ያቅርቡላቸው፦ ጥራት ያለው የታተመ ቅጂ። የማባዛት መብቱ የእናንተ ስለሆነ በውል፣ በተወሰነ ዓመት፣ በክፍያ ትፈቅዳላችሁ፤ ከእያንዳንዱ ቅጂ ሥር የሠዓሊው ስምና «ዋናው ሥዕል ደሴ ይገኛል» የሚል ይጻፋል። ሆቴሉ ግድግዳው ያምርለታል፤ የእናንተም ኮርኒስ ገንዘብ ያገኛል። በዚህ ካልተስማሙ ፍላጎታቸው ከሥዕሉ ይልቅ ከስሙ እንደነበር ያኔ ትረዳላችሁ።

ከሁለቱ ከተሞች የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ኗሪነቴ ኮምቦልቻ ቢሆንም ፍርዴ ለደሴ ነው። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ፋብሪካዎቹ የሚያመጡት እንግዳም ብዙ ነው፤ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለምትል አየሯም ሞቅ ይላል። ሆኖም 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለጎብኚ ምንም ማለት አይደለም፤ ለሥዕሎቹ ግን ብዙ ነው። አባትዎ ገበያውን የሣሉበት መስኮት አሁንም አለ፤ ገበያውም አለ። ሰው ሥዕሉን አይቶ ዞር ሲል ያንኑ ቁልቁለት በመስኮቱ ማየት የሚችለው እዚያ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አዲስ አዳራሽ ብትሠሩ ይህንን በጽሑፍ ማስረዳት ይኖርባችኋል፤ በጽሑፍ የሚያስረዳ ሙዚየም ደግሞ ጎብኚውን ቶሎ ያሰለቸዋል። ሥዕሎቹን ለአጭር ዐውደ ርዕይ ወደ ኮምቦልቻ ማውረድ ግን መልካም ነው። ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ሲወርዱ ጤዛ እንዳይዛቸው ሳጥኑ እንደታሸገ አንድ ሌሊት ይቆይና በማግስቱ ይከፈት።

የአንድ ሠዓሊ ሙዚየም ትልቁ ድካም የከተማው ሰው አንድ ጊዜ አይቶ «አየሁት» ማለቱ ነው። ስለዚህ 240ውን በአንድ ጊዜ አትስቀሉ፤ ሠላሳ ወይም አርባ ሰቅላችሁ በየጥቂት ወሩ ለውጡ፤ የወረዱትም ከብርሃን ያርፋሉ። በሳምንት ሁለት ቀን መክፈት በቂ ነው፤ ሰባቱን ቀን ከፍቶ በሦስተኛው ወር ከመዝጋት ይሻላል። ክሊፎርድ ስቲል ከእርሱ ሥራ በቀር የሌላ ሰው ሥራ በሙዚየሙ እንዳይታይ ከልክሏል፤ እኔ በበኩሌ ለእናንተ ይህ አይስማማም ባይ ነኝ። አባትዎ መምህር ነበሩ። አንዲት ክፍል ለተማሪዎቻቸው ሥራ ትተዉ፤ ከእነርሱም መካከል ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ታገኛላችሁ። ጉስታቭ ሞሮም አስተማሪ ነበር፤ ቤቱ ሙዚየም ሲሆን የመጀመሪያው ኃላፊ የሆነው ተማሪው ሠዓሊው ጆርጅ ሩዎ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት መንገዱ በእጃችሁ ያለው የአባትዎ ደብተር ነው። በላኩልኝ ገጽ ላይ አባትዎ በቀይ እስክሪብቶ «አዝዋ ገደል፣ ለጎረቤታችን ሠርግ፣ በስጦታ» ብለው ጽፈዋል። እስክሪብቶ ቶሎ ስለሚደበዝዝ እያንዳንዱ ገጽ በዚህ ሳምንት ፎቶ ይነሣ። ከዚያ የተጻፉትን ሰዎች፣ ከሁሉ በዕድሜ የገፉትን አስቀድማችሁ፣ ቤታቸው ድረስ ሂዱ። ሥዕሉን መልሱልን አትበሏቸው፤ ፎቶ ለማንሣትና ልኩን ለመውሰድ ብቻ ፈቃድ ጠይቁ፤ ቡና ሲፈላ የሚያወሩትን ጻፉ። ሲመለሱም ጥቁሩን መዝገብ ይክፈቱና በመጀመሪያው መስመር፣ ከሥዕሎቹ ሁሉ በፊት፣ ደብተሩን ራሱን ቁጥር 1 አድርገው ይመዝግቡት።